ክሩና ገጹ፦ ስለ መጽሔት ተንቀሳቃሽ ቅምሻ

አንድ መጽሔት ከማተሚያ ቤት ወጥቶ አንባቢው እጅ ከመግባቱ በፊት ዛሬ ሌላ ሥራ ይቀድመዋል። የሽፋኑ ሥዕል፣ የዋና ዋና ጽሑፎች ርእስና ከውስጥ ገጾች የተመረጡ ምስሎች ይቀነባበራሉ፤ እንቅስቃሴም ይሰጣቸውና ለጥቂት ሴኮንዶች በእጅ ስልክ ስክሪን ላይ ይታያሉ። አንዳንዶች ይህን ማስታወቂያ፣ ሌሎች ቅድመ ዕይታ ይሉታል። ቅምሻ የሚለው ቃል ግን ጠባዩን ይበልጥ ይገልጻል፤ ቅምሻ ከማዕዱ ይቆረሳል እንጂ ማዕዱን አይተካምና።

ይህ አጭር ሥራ በአብዛኛው የሚታየው እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር የሚችል አንድ ወጣት በመጨረሻው ቀን ይታዘዛል፤ የመጽሔቱ ቁጥርና ወር ይነገረዋል፤ የቀረው ለእርሱ ይተዋል። የአዘጋጆች ጉባኤ ስለ አንድ መጣጥፍ ርእስ ለሰዓታት ይከራከር ይሆናል፤ ያንኑ ርእስ ከመጽሔቱ አስቀድሞ ለብዙ ሰው ስለሚያደርሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን እምብዛም አይነጋገርም። በዚህም ምክንያት ለማንኛውም ኪነ ጥበባዊ ሥራ የሚቀርቡት ሁለት መሠረታዊ ጥያቄዎች ሳይነሡ ይቀራሉ። ቅርፁ ይዘቱን ምን ይጠቅመዋል? የሚሠራውስ ለማን ነው?

የብራናው ቅምሻ

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመሻት ከኮምፒዩተር መጀመር ግድ አይደለም። መጽሐፍ ሳይነበብ በውስጡ ያለውን እንዴት ማመልከት እንደሚቻል የብራና ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች አስቀድመው አስበውበታል። በደቡብ ጎንደር የሚገኘው አገር፣ ይኸውም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ከዚህ ጥበብ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። ድጓ አጥንቶ በመምህርነት ለመመስከር የሚሻ ሁሉ የቤተልሔምን ደጅ ይጠናል። በዚህ አገር መጽሐፍ የሚታየው፣ የሚዜመውና በቃል የሚያዘው በአንድነት ነው።

በብራና መጻሕፍት አሠራር ውስጥ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው ክሩ ነው። ሥዕል ያለበት ወይም አዲስ ክፍል የሚጀምርበት ቅጠል ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰፋል። መጽሐፉ ተዘግቶ ሳለ ክሩ ከቅጠሎቹ መካከል ብቅ ብሎ ይታያል። ክሩ ሥዕሉን አያሳይም፤ ሥዕል መኖሩንና የሚገኝበትን ቦታ ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው መጋረጃው ነው። በአንዳንድ መጻሕፍት ከሥዕሉ በላይ ስስ ጨርቅ ይሰፋል፤ አንባቢው ሥዕሉን የሚያየው ጨርቁን በገዛ እጁ ገልጦ ነው። መጋረጃው ቀለሙን ከመፋቅ ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ የማየቱን ተግባር በከፊል ለአንባቢው ያስረክባል።

ሦስተኛው የዜማ ምልክት ነው። በድጓ ላይ ከግእዙ ቃል በላይ ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። እነዚህ ፊደላት ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰዱ ናቸው፤ ድጓ የተማረ ሰው አንድ ሁለቱን ፊደል እንዳየ ሙሉው ሐረግ ከነዜማው ይታወሰዋል። የምልክቱን ሥርዓት ያቀናጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል።

የቅምሻን ተግባር እነዚህ ሦስቱ ተካፍለውታል። ክሩ ያመለክታል፤ መጋረጃው ያቆያል፤ ምልክቱ በጥቂቱ ብዙውን ያስታውሳል። ሦስቱም የቆሙት ለገጹ ነው፤ አንዳቸውም ከገጹ ቀድመው ራሳቸውን ለማሳየት አይሽቀዳደሙም። ይሁን እንጂ ገደብ አላቸው። ክርና መጋረጃ የሚያገለግሉት መጽሐፉን በእጁ የያዘውን ነው፤ ምልክትም የሚያገለግለው ዜማውን አስቀድሞ ያጠናውን ነው። ይህ ገደብ ለዛሬው ቅምሻ ዋናው ፈተና መሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

ሦስት ግድፈቶች

በዛሬዎቹ ቅምሻዎች ዘወትር ከሚታዩት ግድፈቶች የመጀመሪያው የገጽ መገለጥ ማስመሰያ ነው። የመጽሔቱ ሽፋን ይመጣል፤ ማዕዘኑ ይታጠፋል፤ ጥላ ይጥላል፤ ገጾቹ እየተከታተሉ ይገለበጣሉ። ተመልካቹ የወረቀት መታጠፍ ያያል፤ የተጻፈውን ግን አያነብም።

የሚገለበጥ ወረቀትና እንቅስቃሴ የቆየ ዝምድና አላቸው። በተከታታይ ቅጠሎቹ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች በአውራ ጣት ፈጥነው ሲለቀቁ የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉበትን ትንሽ ደብተር እንግሊዛዊው ጆን ባርንስ ሊኔት በ1868 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቦታል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት ጭኖ ወሰደ፤ ከእነዚህም 350 ያህሉ በለንደን ከሚገኘው የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ይኸው ቤተ መጻሕፍት በ1997 እ.ኤ.አ. ብርቅ መጻሕፍቱን በስክሪን ላይ ገጽ በገጽ የሚያገላብጥ ሥርዓት ለጎብኚዎች አቅርቧል፤ ከዚያ ወዲህም ከኢትዮጵያ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን በዲጂታል ቅጂ አዘጋጅቷል። እንዲህ ባለው ቦታ የገጽ መገለጥ ማስመሰያ ተገቢ ምክንያት አለው። መጽሐፉ በመስተዋት ውስጥ ተቆልፏል፤ ጎብኚው ሊዳስሰው አይችልም። በ1860 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ሠራዊት ሴባስቶፖልን እየጎተተ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲዘልቅ በጋይንት ነበር ያለፈው፤ ዛሬ በዚያ መንገድ ዳር ለሚኖር ሊቅ የለንደኑን ብራና በስክሪን እንኳ ገልጦ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ለታተመ መጽሔት ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። መጽሔቱ በገበያ ላይ ነው፤ የወረቀቱን መገለጥ አንባቢው ራሱ በጣቱ ያደርገዋል። ከአሥር ሴኮንድ ቅምሻ አምስቱ ማዕዘን በማጠፍ ካለቀ፣ ከመጽሔቱ የተቀመሰ ነገር የለም። ንድፍ አውጪው የወረቀትን ጠባይ አስመስሏል፤ የመጽሔቱን ሐሳብ ግን አልነካውም።

ሁለተኛው ግድፈት የፊደል ጭፈራ ነው። ርእሱ ፊደል በፊደል ከላይ ይዘንባል፣ ይሽከረከራል፣ ይበታተናል፣ መልሶ ይገጥማል። አብዛኛው የዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ተዘጋጅቶ የሚገኘው ለላቲን ፊደል ነው፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በግእዝ ፊደል አናባቢው ራሱን ችሎ አይቆምም፤ በፊደሉ አካል ላይ በምትጨመር ጭረት ወይም በእግሩ ማጠርና መርዘም ይታወቃል። «በላ» እና «ብላ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ አንዱ ያለፈ ድርጊት ሲሆን ሌላው ትእዛዝ ነው። ፊደሉ ጭረት በጭረት እየተሣለ እንዲወጣ ሲደረግ፣ «ብ» ከመሆኑ በፊት ሌላ ፊደል ሆኖ ያልፋል፤ ቃሉም ወደ ትርጉሙ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቃል ይናገራል። ምስሉ ለስልክ እንዲቀል ተጨምቆ ሲደበዝዝ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ትንሽ ጭረት ናት። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ከተመዘገበ ወዲህ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ ቦታ አግኝቷል። በስክሪን ላይ መገኘትና በስክሪን ላይ መነበብ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሦስተኛውና ከባዱ ግድፈት የሥዕልን አካል መቆራረጥ ነው። የሽፋኑ ሥዕል ከመደቡ ይነጠላል፤ እጁ ለብቻው፣ ራሱ ለብቻው ይቆረጣል፤ ከዚያም ይወዛወዛል። የሠዓሊው አቀማመጥ የሐሳቡ አካል መሆኑ ይዘነጋል። ለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚገኘው ምሳሌ ግልጽ ነው። በዚህ ሥርዓት ጻድቁ ሁለቱ ዐይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎን፣ በአንድ ዐይኑ። በጎንደር ዘመን የሥዕል ስልት የተሠራ አንድ ሽፋን እንዲንቀሳቀስ ሲባል የጻድቁ ፊት ወደ ጎን ቢዞር፣ ተንቀሳቃሹ ሥዕል ሳያውቀው ጻድቁን ከኩነኔ ወገን አሰልፎታል። ሠሪው ክፋት አላሰበም፤ የሚያንቀሳቅሰውን ሥዕል ቋንቋ ግን አልተማረም። ለዘመናዊ ሠዓሊም ነገሩ ያው ነው። ዝም ብሎ የቆመ ምስል ለመቆሙ ምክንያት አለው፤ ያንን ምክንያት ሳይረዱ ማንቀሳቀስ ሥራውን ማፍረስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሲንቀሳቀስ

እነዚህ ግድፈቶች እንቅስቃሴ ለኅትመት ጠላት መሆኑን አያሳዩም። ጀርመናዊው ሠዓሊ ክሪስቶፍ ኒማን በ2014 እ.ኤ.አ. «ዘ ኒው ዮርከር» ለተባለው የአሜሪካ መጽሔት የሠራው ሽፋን ዝናባማ ቀንን ያሳያል። በወረቀቱ ላይ ሥዕሉ የቆመ ነው፤ በዲጂታል ዕትሙ ላይ ግን የዝናቡ ጠብታ ይንቀሳቀሳል። የሥዕሉ ጉዳይ ዝናብ ስለሆነ የተንቀሳቀሰው ዝናቡ ነው። እንቅስቃሴው ከሥዕሉ ሐሳብ የመነጨ እንጂ ከውጭ የተለጠፈ አይደለም፤ ወረቀቱን ያየና ስክሪኑን ያየ ሰው ስለ አንድ ሥራ ሊነጋገሩ ይችላሉ።

ከአገር ውስጥም ትምህርት ሊገኝ ይችላል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በ2006 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ማቅረብ የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕርይዋ ቀጭኔ ናት። ዝግጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ዝግጅቶች ሽልማት አግኝቷል። በአነስተኛ አቅምና በአሻንጉሊት የተጀመረው ይህ ሥራ ለማንና ለምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። እንቅስቃሴው ሁሉ የሚለካው ልጁ በሚማረው ነገር ነው። ይህ ሚዛን የፊደሉንም ጉዳይ ይፈርዳል። «በ» ጭረት ተጨምሮባት «ቡ» ስትሆን ማሳየት ለፊደል ቆጣሪ ልጅ ትምህርት ነው፤ ርእስ ለማንበብ ለተዘጋጀ አዋቂ ግን መሰናክል ነው። አንዱ እንቅስቃሴ በአንዱ ቦታ ጥበብ፣ በሌላው ቦታ ጉድለት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የቁሳዊው ሁኔታም የሚናገረው አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂፍ የተባለው የምስል ዓይነት በአንድ ምስል ከ256 ቀለማት በላይ አይዝም። ይህ ገደብ የፎቶግራፍን ስስ የብርሃን ለውጥ ያጎሳቁላል። በጥቁር መስመር የተከበበና ወጥ ቀለም የተቀባ ሥዕልን ግን እምብዛም አይጎዳም፤ ወጥ የሆነው መደብ በቀላሉ ስለሚጨመቅ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል። የአገሪቱ የቆየ የአሣሣል ስልት፣ ቀዩና ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው በግልጽ መስመር የተለያየበት ስልት፣ ለአነስተኛ ስልክና ለደካማ መረብ የተመቸ ሆኖ ይገኛል። በሴኮንድ 12 ምስል ቢታሰብ የአሥር ሴኮንድ ቅምሻ 120 ምስል ይፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ የሚለወጠው አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ የተመልካቹም ወጪ ይቀንሳል። በዚህ ረገድ ቁጥብነት የውበትም የኢኮኖሚም ጉዳይ ነው።

ቅምሻው ለማን ነው?

ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። መጽሔት በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ይታተማል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የጋይንትን ደጋ ያቋርጣል፤ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግን ከዚያ መንገድ ወጣ ብለው ይገኛሉ። ወረቀት ከውጭ በሚገባበትና ዋጋው በናረበት ጊዜ በጥቂት ቅጂ የሚታተም መጽሔት እነዚህን ከተሞች የሚያገኛቸው በዕድል ነው። ቅምሻው ግን መረብ ባለበት ሁሉ በዚያው ቀን ይደርሳል። ስለዚህ በወገዳ ለሚያስተምር አንድ የአማርኛ መምህር ቅምሻው የመጽሔቱ ደጃፍ ብቻ አይደለም፤ ከመጽሔቱ የሚደርሰው ሁለመና እርሱ ሊሆን ይችላል።

የከተማው ንድፍ አውጪ ይህን አንባቢ አያስበውም። ቅምሻውን የሚሠራው ጥግ ላይ ካለው መደብር መጽሔቱን ለሚገዛ ሰው ነው። «ሙሉውን በመጽሔቱ ያንብቡ» ብሎ ያበቃል። መጽሔቱ ለማይደርሰው ሰው ይህ ቃል ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። የክሩና የምልክቱ ገደብ እዚህ ላይ ይታወሳል። የወገዳው መምህር ክሩን ስቦ የሚገልጠው መጽሐፍ በእጁ የለም። በአንዲት ፊደል የሚያስታውሰው ያጠናው ዜማም የለም፤ ጽሑፉ አዲስ ነውና። ማመልከት ብቻ ወይም ማስታወስ ብቻ አይበቃውም።

ስለሆነም ቅምሻ ከብራናው የወረሳቸውን ሦስት ጠባያት ይዞ አራተኛ ሊጨምርባቸው ይገባል። ይህም አንድ ሙሉ ነገር መስጠት ነው። አንድ አጭር ግጥም ከነሙሉ አካሉ፣ አንድ ሥዕል ሳይቆረጥና ሳይወዛወዝ፣ ወይም ከአንድ መጣጥፍ ሐሳቡ ተጀምሮ የተፈጸመበት አንድ አንቀጽ ሊሆን ይችላል። ለማጓጓት ተብሎ መካከሉ ላይ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር መምህሩ ክፍል ውስጥ ሊያነበው፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ሊያሰማው አይችልም። ሙሉ ግጥም ግን ይነበባል፣ ይተቻል፣ በደብተር ይገለበጣል።

«ሙሉውን ከሰጠን ማን ይገዛል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ መጽሔት የሚኖረው በሽያጭ ጭምር ነው። ነገር ግን ስድሳ ገጽ ያለው መጽሔት አንድ ገጽ በመስጠቱ የሚያጣው ጥቂት ነው። አንድ ገጽ መስጠት የሚያስፈራው መጽሔት የተቀሩትን ሃምሳ ዘጠኙን ራሱ አያምናቸውም። የሕዝብ ገንዘብ ያለበት የባህል መጽሔት ከሆነ ደግሞ ከሽያጩ ሌላ ግዴታ አለበት፤ ወጪውን የሚሸፍነው በጋይንትና በእስቴ የሚኖረው ሕዝብም ነውና።

ከዚህ መርሕ ተግባራዊ መመዘኛዎች ይመነጫሉ። ርእሱ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ ሆኖ መቆም አለበት፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ከርእሱ ውጭ ይሁን። ንባብ በሚቀርብበት ጊዜ ምስሉ ይቁም፤ ቆይታው ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ ለሚያነብ ሰው እንዲበቃ ይለካ። ቅምሻው ያለ ድምፅም ይገባ። የመጨረሻው ምስል የመጽሔቱን ቁጥርና ወር፣ የጸሐፊዎቹንና የሠዓሊውን ስም፣ መጽሔቱ የሚገኝበትንም ቦታ ይያዝ፤ መረብ ሲጠፋ ተቀምጦ የሚነበብ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚሸጋገር ይሁን። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የምናብ ስጋት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ሳይመለስ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ከመረብ ላይ ብቻ ይታይ የነበረ ቅምሻ ሁሉ ለክልሉ አንባቢ እንዳልተሠራ ሆኖ ነበር፤ በስልክ ላይ የተቀመጠ አንድ የቆመ ምስል ግን ይነበብ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር ይቀራል። የሽፋኑ ሠዓሊ ስሙ በመጽሔቱ ይታተማል፤ ሽፋኑን ያንቀሳቀሰው ሰው ግን ስሙ የትም አይገኝም። መጽሔቱ በወመዘክር ይቀመጣል፤ ቅምሻው በሚቀጥለው ወር ይጠፋል። ስም የሌለው ሠራተኛ በኃላፊነት ሊጠየቅ፣ ያልተቀመጠ ሥራም ሊተች አይችልም። አዘጋጆች የሽፋን ሥዕልን በሚመረምሩበት ጠረጴዛ ላይ ቅምሻውንም ቢመረምሩት፣ የሠራውን ሰው ስም ቢጽፉና ቅጂውን ከመጽሔቱ ጋር ቢያስቀምጡ፣ ዛሬ ለአንድ ወጣት የመጨረሻ ቀን ትእዛዝ የሆነው ሥራ ነገ ሙያ ይሆናል። ያን ጊዜ የወገዳው መምህር በስልኩ የሚከፍተው አሥር ሴኮንድ ለተማሪዎቹ የሚያነብላቸው አንድ ነገር ይኖረዋል፤ የቀረውን ገጽ ከየት እንደሚያገኘውም ያውቃል።